ሰንሰለቱ አልቆመም፣ ዋሌቴ ግን ዜሮ አለኝ፦ ኢቴሪየምን በማን ዓይን ነው የምናነበው?

ባለ ዲስኩ (ክሩን የጀመረው)

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ፣ ከአብርሆት ቤተ መጻሕፍት ወጥተን ከአንድ የሰፈሬ ልጅ ጋር ማኪያቶ ይዘን ተቀመጥን። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነው። ዲፋይ (ያለ ባንክ፣ እንደ ኢቴሪየም ባለ የጋራ መዝገብ ላይ የሚሠራ የገንዘብ አገልግሎት) ምን እንደሆነ እያስረዳሁት ነበር። «ባለቤት የለውም። ብድግ ብሎ የሚዘጋው ሰው የለም። መዝገቡ በዓለም ዙሪያ በሺዎች ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል» እያልኩ ሞቅ ብሎኛል። ላሳየው ብዬ ስልኬን አወጣሁና ዋሌቴን፣ ሳንቲሞቼን የማይበትን መተግበሪያ፣ ከፈትኩ።

ዜሮ።

ዘግቼ ከፈትኩት። አሁንም ዜሮ። ልጁ ስልኩን አየ፣ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። «ተሰረቅክ እንዴ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

ሳንቲሞቹ የሴፖሊያ ናቸው፣ የኢቴሪየም የመለማመጃ ኔትወርክ። ዋጋ የላቸውም። ልቤ ግን ድው ብሏል። ደግሞም አልተሰረቅኩም። የወደቀው ዋሌቱ ጥያቄ የሚልክለት ኩባንያ ሰርቨር ነው። ሰንሰለቱ፣ ማለትም መዝገቡ፣ በየ12 ሴኮንዱ ብሎኩን (አዲስ የግብይት ገጹን) እያወጣ ነበር። ይህን ያወቅኩት ግን ሌላ ድረ ገጽ ከፍቼ አድራሻዬን ፈልጌ ነው። ያም ድረ ገጽ የሌላ ኩባንያ ሰርቨር ነው። ማታ ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ የነሳኝ ይሄኛው ነው። አንዱ ኩባንያ ሲያቅተው ሌላውን ኩባንያ ጠየቅኩ። በራሴ ዓይን ያየሁት ምንም ነገር የለም።

ዕቁብ አስቡ። የመዝገቡ ግልባጭ በሺዎች ቤት አለ። ማንም ብቻውን ሊሰርዘው አይችልም። እኛ ግን ግልባጩን ገልጠን አናይም። ሁላችንም ለአንድ ጸሐፊ ደውለን «ስንት አለኝ?» እንላለን። ጸሐፊው ስልኩን ያጠፋ ቀን ዕቁቡ የፈረሰ ይመስለናል። ጸሐፊው የዋሸ ቀን ደግሞ ጭራሽ አናውቅም።

አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 2020 ኢንፉራ፣ ለዋሌቶች ከሰንሰለቱ የሚያነብላቸው ኩባንያ፣ ወደቀ። ጌዝ በሚባለው ኢቴሪየምን የሚያስኬድ ሶፍትዌር አሮጌ ሥሪት ላይ ቆይቶ ነበር። በዚያ ሥሪት ላይ የነበሩ ኖዶች (መዝገቡን የያዙ ኮምፒውተሮች) ከዋናው ሰንሰለት ተለይተው ቀሩ። ሜታማስክ የሚባለው ዋሌት ካልቀየራችሁት በስተቀር ከኢንፉራ ስለሚያነብ፣ የብዙ ሰው ዋሌት ታወረ። ባይናንስ የሚባለው የክሪፕቶ ገበያ ኢተር (የኢቴሪየምን ሳንቲም) ማስወጣትን ለጊዜው አቆመ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 2025 ደግሞ ሰሜን ቨርጂኒያ ያለው የአማዞን ክላውድ በዲ-ኤን-ኤስ (የድረ ገጽን ስም ወደ ሰርቨር አድራሻ የሚመራው ሥርዓት) ችግር ተናጋ። የአንዳንድ ሰዎች ሜታማስክ ዜሮ አሳየ። ሁለቱም ጊዜ ገንዘቡ ንቅንቅ አላለም።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ከዚህ ከተማ፣ በእኛ መብራትና በእኛ ኢንተርኔት፣ ይህን ጥገኝነት በእውነት የቀነሰ ሰው አለ? ምን አድርጎ?

---

የለገሃር ልጅ

እኔ ዋሌቴ ላይ ሁለት አር-ፒ-ሲ አስገብቻለሁ። አንዱ ሲቆም ወደ ሌላው እቀይራለሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?

---

ሒሳብ ሹም

ልጆቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሠላሳ ዓመት በሒሳብ ሥራ ቆይቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ጽሑፋችሁን በጉጉት ነው የማነበው። ሁለት ነገር ልጠይቅ።

አር-ፒ-ሲ የምትሉት ምንድን ነው? ሌላው፣ ብሔራዊ ባንክ በሰኔ 2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሲያስጠነቅቅ አስታውሳለሁ። እርሱን እንዴት አያችሁት? ልቆጣችሁ አይደለም፣ ልረዳ ብዬ ነው።

---

ባለ ዲስኩ

ጋሼ፣ እንኳን መጡ። ከኋለኛው ልጀምር። የአገራችን ሕጋዊ መገበያያ ብር ብቻ ነው። እዚህ ክር ላይ ስለ መገበያየት አናወራም። እኔ ፕሮግራመር ነኝ፣ የሚያሳስበኝ አሠራሩ ነው። ለዚህም ነው ሙከራዬ ሁሉ በመለማመጃው ኔትወርክ ላይ የሆነው።

አር-ፒ-ሲ ዋሌቱ ጥያቄውን የሚያደርስበት አድራሻ ነው። «የዚህ ሰው ቀሪ ሒሳብ ስንት ነው?» ብሎ ይልካል። ወዲያ ማዶ ያለ ኖድ ከመዝገቡ አንብቦ ይመልሳል። ዋሌቱ መልሱን አይመረምርም። የነገሩትን ያምናል። በእርስዎ ሙያ ስናየው፣ የባንክ መግለጫ ሳይቀርብ በስልክ የተነገረን ቀሪ ሒሳብ መዝገብ ላይ እንደ ማስፈር ነው።

---

ሒሳብ ሹም

ይህማ ኦዲት ያልተደረገ ሒሳብ ነው። አሁን ገባኝ። ቀጥሉ።

---

መክሊት 5 ኪሎ

እኔ የራሴ ኖድ አለኝ። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ስለ ኖድ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር መብራት የማይጠፋበት አገር ላለ ሰው ነው።

መጀመሪያ አንድ የተሳሳተ ወሬ ላጥራ። ኖድ ለማስኬድ 32 ኢተር አያስፈልግም። 32 ኢተር የሚጠየቀው ቫሊዴተር ለሚሆን ሰው ነው፣ በብሎክ ላይ ድምፅ ሰጥቶ ክፍያ ለሚያገኘው። መዝገቡን ማንበብና መመርመር ለማንም ክፍት ነው። ማሽን ብቻ ይኑራችሁ።

የእኔዋ የግማሽ ዳቦ ያህል ሚኒ ፒሲ ናት። 32 ጊጋ ራም፣ 4 ቴራ ኤስ-ኤስ-ዲ። 2 ቴራም ይበቃል። በተለይ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2025 ወዲህ ኖዶች ከመርጁ በፊት ያለውን የድሮ ታሪክ መጣል ይችላሉ፣ ከ300 እስከ 500 ጊጋ ቦታ ይለቃል። መርጅ የምለው ኢቴሪየም እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 2022 ከማይኒንግ (በኮምፒውተር ጉልበት ከመጠበቅ) ወደ ስቴኪንግ (በመያዣ በታሰረ ኢተር ወደ መጠበቅ) የተሻገረበትን ነው። ተራ ሃርድ ዲስክ ግን አትሞክሩ፣ ከሰንሰለቱ እኩል መሮጥ አይችልም።

ሶፍትዌሩ ሁለት ነው። አንዱ ግብይቱን ያሰላል፣ ሌላው የቫሊዴተሮቹን ስምምነት ይከታተላል። እኔ ኔዘርማይንድና ኒምበስ ነው የጫንኩት። ጌዝን ያልመረጥኩት መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ብዙ ሰው አንድ ሶፍትዌር ላይ ከተከማቸ የዚያ ሶፍትዌር ስሕተት የሁሉም ስሕተት ይሆናል። ከቫሊዴተሮቹ ከሁለት ሦስተኛ በላይ አንድ ዓይነት ሶፍትዌር ይዘው እሱ ቢሳሳት፣ ስሕተቱ እንደ እውነት ሊጸድቅ ይችላል። ሺህ ኮምፒውተር ቢኖርም ያሰበው አንድ ጭንቅላት ነው ማለት ነው።

የጀመርኩት ካዛንቺስ እያለን ነው። ማሽኗ እናቴ ቡፌ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ነበር የምትቀመጠው። እናቴ ሌሊት ውሃ ልትጠጣ ስትነሣ ሰማያዊ መብራቷን ታያለች። «ይቺ ነገር አትተኛም?» ትለኛለች። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈራችን ለመልሶ ማልማት ሲነሣ፣ ዕቃው በአይሱዙ ተጭኖ እኔ ማሽኗን ጭኔ ላይ ይዤ ወደ ስድስት ኪሎ ሄድኩ። እዚያው ማታ ሰካኋት። ያመለጣትን ብሎክ ከዓለም ዙሪያ ኖዶች እየለቀመች በማግስቱ ጠዋት ደረሰችባቸው። አድራሻ ቀይረናል ብለን ያስታወቅነው አካል የለም። የተመዘገብንበት ቢሮም የለም። ቁጭ ብዬ ሳያት ዕንባዬ መጣ፣ እውነቴን ነው።

ዋናው ጣጣ መብራት ነው። መጀመሪያ ዩ-ፒ-ኤስ አልነበረኝም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት መብራቱ ሦስት ጊዜ ሄዶ መጣ። በሦስተኛው ዳታቤዙ ተበላሸ። ከዜሮ ጀመርኩ፣ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አሁን መብራት ሲጠፋ ዩ-ፒ-ኤሱ በዩ-ኤስ-ቢ ገመድ ለማሽኗ ይነግራታል፣ እሷም በሥርዓቱ ትዘጋለች። ይህን ሳታዘጋጁ ኖድ እንዳትጀምሩ።

ኢንተርኔቱ ያልተገደበ የቤት ፋይበር መሆን አለበት። ቀን ከሌት ይጠጣል። በሞባይል ዳታ የሚታሰብ አይደለም። የምታገናኛቸውን ኖዶች ቁጥር ቀንሼባታለሁ፣ ወንድሜ ኳስ ሲያይ እንዳይቆራረጥበት። ከቤት ስወጣ ስልኬ በቪ-ፒ-ኤን አድርጎ ከቡፌዋ ላይ ያነባል።

---

ደረቅ ሐቅ

መክሊት፣ ሥራሽን አከብራለሁ። ግን እንነጋገር። 4 ቴራ ዲስክ፣ ዩ-ፒ-ኤስ፣ ፋይበር። ይህን ሁሉ በዶላር ዋጋ የሚገዛ ስንት ሰው አለ? ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የኮምፒውተር ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቂያለሽ።

ሌላው ደግሞ ከሥር ያለው መሠረት ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ኢንተርኔት ተዘጋ። ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ያን ጊዜ ቡፌ ላይ ያለች ማሽን ምን ትሠራለች? ከታች ያለው ገመድ አንድ ከሆነ ከላይ ያልተማከለ ማለቱ አይገባኝም።

---

መክሊት 5 ኪሎ

ልክ ነህ። ማሽኗ መስመር ሲዘጋ መስመር አትሆነኝም። ቢትኮይን ላይ ብሎክስትሪም የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ሰንሰለቱን በሳተላይት ያሠራጫል፣ አፍሪካም ይደርሳል። እሱም መቀበያ ብቻ ነው፣ ግብይት ለመላክ ሌላ መንገድ ትፈልጋለህ።

ግን ሁለቱን አትቀላቅልብኝ። መስመሩ ሲጠፋ መጥፋቱን አውቃለሁ። ጨለማ ነው፣ ይታያል። አንድ ኩባንያ በመሐል ገብቶ የሚያነብልኝ ከሆነ ግን መብራቱ በርቶም የማየው ነገር እውነት መሆኑን አላውቅም። የመጀመሪያውን እኔ ልፈታው አልችልም። ሁለተኛውን እችላለሁ።

በዋጋው ግን ተስማምቻለሁ። ለሁሉም ሰው አይሆንም። ባለ ዲስኩ፣ ስለ ሄሊዮስ አንተ ብትነግራቸው ይሻላል።

---

ባለ ዲስኩ

እሺ። መጀመሪያ ግን ለለገሃር ልጅ ልመልስ።

ሁለት አር-ፒ-ሲ ከአንድ ይሻላል፣ አልክድም። ነገር ግን ሁለቱ ኩባንያዎች በአንድ ክላውድ ላይ ተከራይተው ሊሆን ይችላል። ያ ክላውድ ሲወድቅ አብረው ይወድቃሉ። ደግሞ ሁለቱም የአንተን አይ-ፒና የዋሌት አድራሻ ጎን ለጎን ያያሉ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 የኢንፉራ ባለቤት ኮንሴንሲስ ይህንኑ በግላዊነት ፖሊሲው ላይ ሲጽፍ ስንቱ ሰው ደነገጠ።

መዝጋትም አለ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 8 ቀን 2022 የአሜሪካ ግምጃ ቤት የግብይት ዱካ በሚደብቀው ቶርኔዶ ካሽ ላይ ማዕቀብ ሲጥል፣ ኢንፉራና መሰሉ አልኬሚ ወደዚያ ኮንትራት (ሰንሰለቱ ላይ የተቀመጠ ፕሮግራም) የሚሄድ ጥያቄ መቀበል አቆሙ። ኮንትራቱ ራሱ መሥራቱን ቀጠለ። ማዕቀቡ በማርች 2025 ተነሣ። ለእኛ የበለጠ የሚቀርበው ግን የማርች 2022ቱ ነው። ኢንፉራ ቅንብር ሲቀይር ተሳስቶ የቬኔዝዌላን ሰዎች ጭምር ዘጋ። ሰዎቹ ምንም አላጠፉም። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ መስመር ኮድ ከሚገባው በላይ ሰፋ፣ አለቀ። የአገራችን ስም በስንት ዝርዝር ውስጥ እንደሚገባና እንደሚወጣ የምናውቅ ሰዎች ይህ ሊያሳስበን ይገባል።

አሁን ሄሊዮስ። ላይት ክላይንት ይባላል። ኤ-ሲክስቲን-ዚ ክሪፕቶ የሚባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት በራስት የፕሮግራም ቋንቋ ጽፎ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ያወጣው ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው። ዲስክ አይፈልግም ማለት ይቻላል። በሴኮንዶች ውስጥ ይደርሳል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ መልሱን ከየትም ኩባንያ ተቀበል፣ ግን ማስረጃ ሳይቀርብ አትመን።

ማስረጃው የሚመጣው ከሰንሰለቱ ነው። ኢቴሪየም 512 ቫሊዴተሮችን በዕጣ ይመርጣል። በየ27 ሰዓቱ ገደማ ይቀየራሉ። እነዚህ ሰዎች እያንዳንዱን የብሎክ ራስጌ (የብሎኩን ማጠቃለያ) ይፈርማሉ። ሄሊዮስ ፊርማውን ይመረምራል። ከዚያ ኩባንያውን «የዚህ አድራሻ ቀሪ ስንት ነው? ከተፈረመው ራስጌ ጋር የሚያያዝ ማረጋገጫም ላክ» ይለዋል። ቁጥሩ ከራስጌው ጋር በሃሽ (ከይዘቱ በሚሰላ የጣት አሻራ) ካልገጠመ መልሱን ይጥለዋል። ዋሌታችሁን ወደ ሄሊዮስ ታዞሩታላችሁ፣ እዚያው ኮምፒውተራችሁ ላይ በ8545 በር ይጠብቃል።

ድክመቱንም ልንገራችሁ። ኩባንያው አልመልስም ማለት ይችላል። ማን እንደጠየቀም ያያል። ሲጀምርም የቅርብ ጊዜ መነሻ ነጥብ ከምታምኑት ቦታ መውሰድ አለባችሁ፣ ከሁለት ሳምንት የቆየ አይሁን። ግን መዋሸት አይችልም። እምቢ ካለ ሌላ ትጠይቃለህ፣ ከዋሸ ትይዘዋለህ። የሁለት አር-ፒ-ሲ መፍትሔ በሄሊዮስ ላይ ሲሆን ነው ትርጉም የሚኖረው።

---

የለገሃር ልጅ

ይሄን አላውቅም ነበር። እውነት ለመናገር ሁለቱ አር-ፒ-ሲዎቼ የተለያየ ቁጥር ቢነግሩኝ የትኛውን እንደማምን አስቤው አላውቅም።

---

ቁልፍ ጠባቂ

ሁላችሁም ስለ ማንበብ አወራችሁ። ስለሚፈርመው እጅ ማንም አላነሣም። እኔ የኮንትራት ኮድ በመመርመር ነው የምተዳደረው። የሚያሳዝነኝ ነገር ቢኖር ወራት ፈጅተን የመረመርነው ኮድ ሳይነካ ሰው ገንዘቡን ማጣቱ ነው።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2025 ባይቢት ከሚባለው የክሪፕቶ ገበያ ወደ 401,000 ኢተርና ከኢተር ጋር የተያያዙ ሌሎች ሳንቲሞች ተወሰዱ፣ በጊዜው ዋጋ በድምሩ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ። የፈራሚዎቹ ቁልፍ አልተሰረቀም። ሴፍ የሚባለው ዋሌት ድረ ገጽ ከክላውድ ላይ ነው የሚጫነው። እዚያ ያለው ጃቫስክሪፕት ተቀየረ። ፈራሚዎቹ ኮምፒውተራቸው ላይ የለመዱትን ዝውውር አዩ፣ የፈረሙት ግን ሌላ ነው። መፈረሚያ መሣሪያው በሰው ቋንቋ ስላልነገራቸው ልዩነቱን አልያዙትም።

ዲሴምበር 2021 ላይ ባጀር ዳኦ የሚባለው የዲፋይ አገልግሎት በድረ ገጹ ላይ በተሰካ ስክሪፕት ወደ 120 ሚሊዮን ዶላር አጣ። ሌቦቹ የገቡት ገጹን በሚያሠራጨው ኩባንያ፣ በክላውድፍሌር፣ ኤ-ፒ-አይ ቁልፍ (የፕሮግራም የይለፍ ቃል) ነው። ከርቭ የሚባለው ሌላ የዲፋይ አገልግሎት ኦገስት 2022 ላይ ዲ-ኤን-ኤሱ ተጠለፈ፣ ሜይ 2025 ላይ ደገመው። በሁሉም ቦታ ኮንትራቱ ደኅና ነበር። ኮንትራቱ ጋ የሚያደርሰው መንገድ ግን የተከራየነው ነው፣ ሌቦቹም እዚያ ላይ ነው የጠበቁን።

መንገዱን የራስ ማድረግ ይቻላል። ገጹን በአይ-ፒ-ኤፍ-ኤስ (ፋይል በብዙ ኮምፒውተር የሚጋራበት ኔትወርክ) ላይ ማውጣት አንዱ ነው። ገጹን የምትጠሩት በይዘቱ ሃሽ ነው፣ አንዲት ፊደል ብትቀየር ሃሹ ይቀየራል። ዩኒስዋፕ የሚባለው የሳንቲም መለዋወጫ ገጹን በዚህ መንገድም ያወጣል። ነገር ግን በተራ ብራውዘር፣ በጌትዌይ (ፋይሉን አምጥቶ የሚያሳያችሁ የሌላ ሰው ሰርቨር) በኩል ከከፈታችሁት፣ ባለ ዲስኩ እንዳለው ጌትዌዩም ሌላ ጸሐፊ ነው። አይ-ፒ-ኤፍ-ኤሱን ኮምፒውተራችሁ ላይ አስነሡ። ሊኪዊቲ የሚባለው የብድር አገልግሎት ደግሞ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2021 ሲጀምር ጭራሽ የራሱን ገጽ አላወጣም። ሌሎች ሰዎች ገጽ ያቆማሉ፣ ድርሻ ያገኛሉ። አንዱ ገጽ ቢዘጋ በሌላው ይገባል። ይህ አሠራር በጣም ደስ ይለኛል።

እኔ ቤት አንድ ሕግ አለ። ኮምፒውተሩ የሚለኝንና መፈረሚያ መሣሪያው የሚለኝን ጎን ለጎን አስቀምጬ ጣቴን እያስኬድኩ አነባለሁ፣ እንደ ቼክ። የሚሄድበትን አድራሻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። መሣሪያው በሚገባኝ ቋንቋ ካላሳየኝ አልፈርምም። ደንበኛ ቢቸኩልም አልፈርምም።

---

ሁለተኛ ፎቅ

አጭር ነገር ልጨምር። ዛሬ ብዙ ሰው ዋናው ሰንሰለት ላይ አይደለም ያለው። አርቢትረም፣ ቤዝ፣ ኦፕቲሚዝም በሚባሉት፣ ከኢቴሪየም በላይ በተሠሩ ሰንሰለቶች ላይ ነው። እነዚህ ላይ ግብይቱን ተራ የሚያስይዘው ሲኩዌንሰር በአንድ ድርጅት እጅ ነው። ጁን 2024 ላይ ሊኒያ የሚባለው መሰላቸው፣ ቬሎኮር የሚባለው ገበያ ሲዘረፍ ሰንሰለቱን በገዛ እጁ አቁሞት ነበር። ለበጎ ነው ብንል እንኳ ማቆም መቻሉ ራሱ መልስ ነው።

መውጫው አለ፣ ሰው ግን አያውቀውም። አርቢትረም ላይ ሲኩዌንሰሩ ቢዘጋችሁ ግብይታችሁን በዋናው ሰንሰለት በኩል ማስገባት ትችላላችሁ። 24 ሰዓት ካለፈ በግድ እንዲካተት ማድረግ ይቻላል። የምትጠቀሙበት ሰንሰለት ይህ በር እንዳለው ኤል-ቱ-ቢት የሚባለው ድረ ገጽ ላይ እዩ፣ ደረጃ አውጥቶላቸዋል። በሩ ካለ ደግሞ ሰላም ባለበት ቀን አንዴ ተለማመዱት። የእሳት ማጥፊያ አጠቃቀም የሚነበበው ቤት ከተያያዘ በኋላ አይደለም።

---

ሒሳብ ሹም

ሁሉንም ቁጭ ብዬ አነበብኩት፣ ሁለት ጊዜ። ልጄም አንዳንዱን አስረዳኝ። አሁን አንድ የሒሳብ ሰው ጥያቄ አለኝ።

መዝገቡን ራሳችን አነበብን። በሩንም ጠበቅን። እሺ። መዝገቡ ላይ «100 ዶላር» ተብሎ ተጽፏል። ዶላሩ የት ነው ያለው? በእኔ ጊዜ ካዝና ቆጠራ የሚባል ነገር ነበር። መዝገቡ ቢያምርም ካዝናው ካልተቆጠረ አንፈርምም።

---

ቁልፍ ጠባቂ

ጋሼ፣ ከሁላችንም የከበደውን ጠየቁ።

ዶላሩ ባንክ ነው ያለው። ዩ-ኤስ-ዲ-ሲ የሚባለውን የዶላር ሳንቲም ሰርክል የሚባል ኩባንያ ያወጣል፣ መያዣው በአሜሪካ ባንክና በመንግሥት ሰነድ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2023 ሲሊከን ቫሊ ባንክ ሲወድቅ ከመያዣው 3.3 ቢሊዮን ዶላር እዚያ ውስጥ ነበር። አንድ ዶላር መሆን ያለበት ዩ-ኤስ-ዲ-ሲ ከ90 የዶላር ሳንቲም በታች ወረደ። ዳይ የሚባለው ሌላ የዶላር ሳንቲምም ተከትሎት ወረደ፣ ምክንያቱም ከመያዣው ትልቁ ክፍል ዩ-ኤስ-ዲ-ሲ ነበር። ያልተማከለ የሚባለው በተማከለው ላይ ተደግፎ ቆሞ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት የባንኩ አስቀማጮች ሙሉ ገንዘባቸውን ያገኛሉ ካለ በኋላ ነው ዋጋው የተመለሰው።

ደግሞ የሚያወጣው ድርጅት ማገድ ይችላል። በቶርኔዶው ጊዜ ሰርክል ወደ 75,000 ዶላር የሚሆን ዩ-ኤስ-ዲ-ሲ አግዷል። ሌላው የዶላር ሳንቲም አውጪ ቴዘርም ያግዳል። ኮዱ ውስጥ ተጽፏል፣ ማንም ከፍቶ ማንበብ ይችላል።

ሌላ ዓይነትም አለ። ኤል-ዩ-ኤስ-ዲ የሚባለው የሊኪዊቲ ዶላር መያዣው ኢተር ብቻ ነው፣ ቢያንስ 110 በመቶ። መያዣው ራሱ ሰንሰለቱ ላይ ስለሆነ ካዝናውን እርስዎ መቁጠር ይችላሉ። የሚያግደው ሰው የለም። ግን ውድ ነው፣ 100 ለማውጣት ከ110 በላይ ማሰር አለብዎት። የኢተር ዋጋ ሲወርድም መያዣው ይሸጣል። ያን ዋጋ ደግሞ ከውጭ የሚነግረው ኦራክል ነው፣ ቼይንሊንክ። አንዱን ጥገኝነት ሲቀንሱ ሌላው ብቅ ይላል። እኔ የምመክረው ጥገኝነት የሌለበትን ከመፈለግ ይልቅ የት እንዳለ ማወቅን ነው።

---

ሒሳብ ሹም

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በግልጽ ስለነገርከኝ አከብርሃለሁ። ካዝናው የት እንዳለ የሚነግር ሰው ማግኘት በእኛ ጊዜም ከባድ ነበር።

---

ባለ ዲስኩ

ተመልሻለሁ። ትናንት ያን ልጅ ይዤው እዚያው ቦታ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። ይቅርታ የምጠይቅበት ነገር ስለነበረኝ ነው። ያልኩት ሁሉ ትክክል ሆኖ ያሳየሁት ነገር ግን ሌላ ነበርና።

ሌሊት አንድ ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። ዋሌቱና ኩባንያው መሐል ይቆማል። ጥያቄውን ያሳልፋል፣ መልሱ ሲመለስ ቀሪ ሒሳቡ ላይ አንድ ዜሮ ይጨምራል። ውሸታም ጸሐፊ ማለት ነው። አርባ መስመር ኮድ አይሞላም።

መጀመሪያ አንድ ተራ ዋሌት በቀጥታ ወደ ውሸታሙ አዞርኩት። 2 የሴፖሊያ ኢተር ነበረኝ። ዋሌቱ 20 አለ። ያለ ምንም ጥርጣሬ፣ በሚያምር ትልቅ ፊደል። ልጁ ሳቀ፣ ቀጥሎ ሳቁን አቆመ። «እና በየቀኑ የምናየው እንዲህ ነው?» አለኝ።

ከዚያ ሄሊዮስን አስነሣሁ። ኔቱ ያን ቀን ደካማ ነበር፣ ቢሆንም ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ደረሰ። ሄሊዮስን ወደዚያው ውሸታም አዞርኩት፣ ዋሌቱን ወደ ሄሊዮስ። 20 አላለም። 2ም አላለም። ማረጋገጫው አይገጥምም ብሎ በስሕተት መልእክት መለሰው። ውሸታሙን አውጥቼ እውነተኛውን አድራሻ ስሰጠው 2 አለ።

ልጁ ላፕቶፑን ወደ ራሱ ሳበው። ኮዱን ከፍቶ የሚጨመረውን ዜሮ ወደ አንድ ኢተር ቀነሰው። ከዚያ ወደ አንድ ዌይ፣ ከኢተር አሥራ ስምንተኛው የነጥብ ቤት ላይ ያለችው። እያንዳንዱን ያዘው። ልጁ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሊያታልለው ሞከረ። እኔ ምንም አላስረዳሁትም።

ኮዱን በአማርኛ ማብራሪያ አጽድቼ እዚሁ እለጥፈዋለሁ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ አብርሆት ፊት ለፊት እንገናኝ፣ የፈለገ ይምጣ። የመለማመጃ ሳንቲም ብቻ ነው የምንጠቀመው።

---

ደረቅ ሐቅ

ያቺን ውሸታም ፕሮግራም መጀመሪያ ለጥፋት። ሰው የሚገባው በእሷ ነው። እኔም እመጣለሁ።

---

የለገሃር ልጅ

ስልክ ላይ ይሠራል ወይስ ላፕቶፕ ግዴታ ነው?

---

ባለ ዲስኩ

ለቅዳሜ ላፕቶፕ ይሻላል። ከሌለህ ከእኔ ጋር ትጋራለህ።

---

ሒሳብ ሹም

እኔ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አለኝ፣ ራሙ 4 ጊጋ ነው ይላል ልጄ። እንዲህ ላለው ሥራ ይሆናል? ካልሆነ ዝም ብዬ አጠገባችሁ ቁጭ ብዬ አያለሁ።

---

መክሊት 5 ኪሎ

ጋሼ፣ በደንብ ይሆናል። ይዘውት ይምጡ። ቻርጀሩንም እንዳይረሱ። ኤክስቴንሽኑን እኔ አመጣለሁ።